ሠላሳ አንዱን የተረከቡት ሰው

ጋሽ አንለይ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በዘጠነኛው ቀን ነው። ኔትወርክ ተቋርጦ ሰንብቶ ድንገት ሲመለስ ስልኬ ላይ መልእክቱ ተግተለተለ። «ጋሽ አንለይ አርፈዋል፣ ቀብር ነገ ነው» ይላል አንደኛው። ነገ የተባለው ቀን ካለፈ ሳምንት አልፎታል። መንገዱም ዝግ ነበር። ደብረ ማርቆስ በተከራየኋት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። ለማልቀስ በር መቆለፍ ለምን እንዳስፈለገኝ እንጃ፤ ዛሬ ዛሬ ሁሉንም ነገር በሩን ቆልፌ ነው የማደርገው።

ይህን ስጽፍም እየፈራሁ መሆኔን ቀድሜ ልናገር። የከተማችንን ስም ዘልዬዋለሁ። ከማርቆስ ወጣ ብላ ወደ ጮቄ በኩል ያለች ብርዳም ከተማ ናት ካልኩ ይበቃል። ኬላ ላይ ያገኘናቸው ታጣቂዎች የማን ወገን ነበሩ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለም አላስታውስም እለዋለሁ። አስታውሳለሁ። ግን አላስታውስም።

ጋሽ አንለይ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ረዘም ቀጠን ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ካፖርታቸውን የማያወልቁ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው ናቸው። ከአፋቸው የማትጠፋው ቃል «ፈርሚ» ነበረች። አንድ ፓኮ ጠመኔ ስጠይቃቸው መጀመሪያ የሚያቀብሉኝ እስክሪብቶ ነው።

«ጋሼ፣ ደወል ተደውሏል እኮ! ተማሪዎቹ እየጠበቁኝ ነው።»

«ተማሪው የትም አይሄድም፤ ጠመኔው ግን ይሄዳል። ፈርሚ።»

መጥረጊያ ቢሰበር እንጨቱን ይዞ ያልመጣ ሰው አዲስ አያገኝም። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው አንድ ጊዜ የተሰበረ መጥረጊያ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በግቢው ሲያልፉ አይቼ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። አዲስ ተቀጥሬ በመጣሁ ሰሞንማ ሳያቸው ደሜ ይፈላ ነበር። እሳቸው ደግሞ መናደዴን እያዩ ጭራሽ ፊርማዬ ግልጽ አይደለም ብለው ያስደግሙኛል።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ፣ ገበያው ጥግ ላይ፣ የከተማችን የድል ሐውልት ቆሟል። አርበኞች የጣሊያንን ምሽግ ሰብረው ከተማዋን ነፃ ያወጡበት ቀን መታሰቢያ ነው። ቁመቱ ከሰው ብዙም አይበልጥም፤ በጥቁር ድንጋይ የተገነባ፣ ፊቱ ላይ ነጭ እብነ በረድ የተለጠፈበት፣ እብነ በረዱ ላይ በዚያ ውጊያ የወደቁ ሠላሳ አንድ አርበኞች ስም የተቀረጸበት። የገበያ ቀን ሰው አህያ ያስርበታል፣ ጆንያ ያስደግፍበታል። ጋሽ አንለይ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ባልዲና ሳሙና ይዘው ይመጡና አህያውንም ባለ አህያውንም አባረው ያጥቡታል። አባታቸው ወይም አያታቸው ከሠላሳ አንዱ መሀል ቢሆኑ ነው ብዬ ነበር። ለካስ እሳቸው የደብረ ወርቅ ሰው ናቸው፤ እዚያ ድንጋይ ላይ አንድም ዘመድ የላቸውም።

«ታዲያ እርስዎን ምን አገባዎት?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ ለመተናኮል ያህል።

«ተረክቤአለሁ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንብረት ክፍሉን በወጣትነታቸው ሲረከቡ፣ በርክክብ ሰነዱ ላይ ወንበሩ፣ አካፋው፣ ደወሉ ሁሉ ተዘርዝሮ፣ የመጨረሻው መስመር ላይ «የአርበኞች መዝገብ፣ አንድ፤ የያዘው ስም ብዛት፣ ሠላሳ አንድ» ይላል። መዝገቡ እንዴት ትምህርት ቤት እንደገባ የሚያውቅ ሰው የለም። እሳቸው ፈረሙ። «የፈረምኩበት ቢጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ» ይላሉ። ጡረታ ሲወጡ አዲሱ ኃላፊ ሁሉንም ተረክቦ መዝገቡን ግን «ይሄ ንብረት አይደለም፣ አልፈርምም» አለ። ጋሽ አንለይ አልተከራከሩም፤ የአንዱን ቁም ሣጥን ቁልፍ ኪሳቸው ከትተው መዝገቡን በኃላፊነታቸው እንደያዙ ቀሩ። ጡረተኛ ሆነውም በየሳምንቱ እየመጡ ያዩታል።

መዝገቡ እንደማንኛውም የንብረት መዝገብ በዓምድ የተከፈለ ነው። ተራ ቁጥር፣ ስም ከነአባት፣ የመጣበት መንደር፣ የያዘው መሣሪያ፣ መጨረሻ ላይ ምርመራ። የሰውየው አሟሟት የተጻፈው ምርመራ በሚለው ሥር ነው። «በሩ ላይ ወደቀ»፣ «በቁስሉ በሦስተኛው ቀን ሞተ»፣ «ሬሳው አልተገኘም»።

በየዓመቱ በዚያ የድል ቀን ከተማው ሐውልቱ ዘንድ ይሰበሰባል። ጋሽ አንለይ መዝገቡን ይዘው ስም ይጠራሉ፤ ለእያንዳንዱ ስም ከዘሩ አንድ ሰው ወጥቶ «ቤቱ አልተዘጋም!» ብሎ ይመልሳል። ልጆች ይህን መጮህ ይወዳሉ፤ የኔ ተማሪዎች ማን ይጩኽ ብለው ከወንድሞቻቸው ጋር ይጣላሉ። ሦስቱ አርበኞች ግን ዘር አልተረፋቸውም። እነሱ ሲጠሩ ዝም ይባላል፤ ጋሽ አንለይ ራሳቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ይመልሱላቸውና ገጹን ይገልጣሉ።

ችግሩ እኛ ከተማ የገባው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እናቴን አቅፌ አልጋ ሥር ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ተኩሱ ጋብ ሲል ወደ ትምህርት ቤቱ ልሂድ ብወጣ፣ ጭር ባለው ገበያ ጥግ ጋሽ አንለይ ብቻቸውን ጆንያ ይዘው ሐውልቱ ሥር ተንበርክከዋል። እብነ በረዱ ተመትቶ ረግፏል። ማን እንደመታው አይታወቅም፤ ተኩሱ ከሁለቱም በኩል ነበር። እሳቸው ስብርባሪውን እያነሱ በጆንያ ያጠራቅማሉ።

«ጋሼ፣ በማርያም ይግቡ! ምን ሆነዋል?»

«ጎድሎብኛል» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ስብርባሪውን ወስደው መዝገቡ ያለበት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያ ዓመት በዓሉ ሳይደርስ አዲስ ሰሌዳ ካላስቀረጽኩ አሉ። ደብረ ማርቆስ የመቃብር ድንጋይ የሚቀርጽ ሰው አለ፤ በኮምፒውተር የተጻፈ ዝርዝር አምጡልኝ ብሏቸዋል። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ለመኗቸው፣ ጎረቤት ለመናቸው፣ እኔም ለመንኳቸው። ጊዜው እስኪያልፍ ይታገሱ አልናቸው።

«ጊዜው እስኪያልፍ እኔ አልፋለሁ» አሉ። «ያን ጊዜ የጎደለውን ማን ይሞላዋል?»

እሺ፣ ዝርዝሩን እኔ ልጻፍልዎት አልኩ። መዝገቡ ከዓመት በዓሉ ቀን በቀር ከንብረት ክፍል አይወጣም ስላሉ ገጾቹን በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው፤ ገጹ እንዳይታጠፍ በአውራ ጣታቸው ተጭነው የያዙልኝ እሳቸው ናቸው። ቢሮ ገብቼ ስጽፈው አምስቱ ዓምዶች ከወረቀቱ ስፋት አለፉብኝ። መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም፤ ቸኩያለሁ። የመጨረሻውን ዓምድ፣ ምርመራ የሚለውን፣ ቆርጬ ጣልኩት። ለቀራጩ ስሙ ይበቃዋል ብዬ ነው። ታዲያ መሣሪያ የሚለውን ለምን አልቆረጥሽውም ብትሉኝ፣ እሱ ከወረቀቱ አላለፈማ! ከላይ በትልቁ «የከተማችን ነፃ አውጪዎች ስም ዝርዝር» ብዬ ጻፍኩበት። ጋሽ አንለይ ከሥሩ ፈረሙ። እንዲህ ያለ ወረቀት በእንዲህ ያለ ጊዜ ኪስ ውስጥ መገኘቱ ምን ማለት እንደሆነ ለሁለታችንም አልታየንም። የታየን ሠላሳ አንድ ሙታን ብቻ ነው።

አብረን ተሳፈርን፤ እኔ የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት ልገዛ፣ እሳቸው ወደ ቀራጩ። ሚኒባሷ ውስጥ አሥራ አራት ሰው ነን። ኬላው ጋ ስንደርስ ውረዱ አሉን። ስልክ አምጡ ሲባል ሰዉ ሁሉ እያወጣ ሰጠ። ስልካቸው ውስጥ በተገኘ ፎቶ የተነሳ የቀሩ ሰዎች ወሬ ሲያስጨንቀኝ ስለከረመ፣ ገና ከመውረዴ በፊት የኔን ደረቴ ውስጥ ከትቼዋለሁ። «ስልክ የለኝም» አልኩ።

ወረቀቱን ከጋሽ አንለይ ካፖርት የውስጥ ኪስ አወጡት። አለቃቸው አነበበው፣ ደግሞ አነበበው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የአርበኞች ስም ነው ልጄ።»

«የምን አርበኞች?»

«ከተማችንን ነፃ ያወጡ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ወይኔ ጋሼ!

«ነፃ ያወጡ? ከማን?»

«ከጣሊያን።»

አንደኛው ታጣቂ ሳቀ። አለቃው አልሳቀም። ጣቱን ወረቀቱ ላይ እያወረደ «ምንሽር… ምንሽር… ጎራዴ… ምንሽር…» አለ። «ጣሊያን የሚል የታለ? ዓመተ ምሕረት የታለ? እዚህ ላይ ሞተ የተባለ ሰው የታለ? አሳየኝ!»

የለም። እኔ ቆርጬዋለሁ።

«ማነው የጻፈው?»

ጋሽ አንለይ ፋታ አልሰጡም። «እኔ ነኝ» አሉ።

«በኮምፒውተር?»

«በኮምፒውተር።»

እኚህ ሰው እንኳን ኮምፒውተር፣ የእጅ ስልካቸውን ሲጠፋባቸው የምከፍትላቸው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ የሁላችንንም መታወቂያ ሰብስበው ከዝርዝሩ ጋር ያስተያዩ ጀመር። «ሙሉቀን ጥሩነህ! ማነው?» አለ አለቃው። አንድ ድንች ነጋዴ እጁን አወጣ፤ የልጆች አባት ነው፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ድንቹ ሲያወራልን ነበር። ከስምንተኛው አርበኛ ጋር ስሙም የአባቱም ስም ገጥሟል። ወደ ዳር ጎተቱት። ሰውየው ማልቀስ ጀመረ።

ጋሽ አንለይ ሳይጠሩ ወደ ፊት ወጡ። «ይሄ ሌላ ሰው ነው! ስምንተኛው አንድ ዓይና ነበር፤ ድልድዩ ላይ ነው የወደቀው። ይኸውላችሁ እዩት፣ ይሄ ሁለት ዓይን አለው» አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ስቄ አላባራም ነበር። ቀጠሉ። «አንደኛው በሩ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው በቁስሉ በሦስተኛው ቀን ሞተ…» ምርመራ የሚለውን ዓምድ በቃላቸው ይወርዱት ነበር፣ ለእያንዳንዱ ስሙንም እየጠሩ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ አለቃው በጠመንጃው ሰደፍ ጆሮ ግንዳቸውን መታቸው። ወደቁ። በክርናቸው ተደግፈው ተነሡና፣ አፋቸው ደም እየሆነ፣ «ስድስተኛው…» አሉ።

እጄ ደረቴ ላይ ነበር። ፎቶው እዚያው ነው፤ የተቆረጠው ዓምድ በሙሉ፣ የእያንዳንዱ ሰው ሞት በእጅ ጽሑፍ። አውጥቼ ባሳይ ምናልባት ይለቋቸው ነበር። ግን ስልክ የለኝም ብያለሁ። ደግሞ ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ መሆኔ ይታወቃል። ጋሽ አንለይ አንድ ጊዜ ብቻ ወደኔ አዩ። እኔ መሬት አየሁ። እሳቸውንና ነጋዴውን ይዘው ወደ አንድ የቆርቆሮ ቤት ሲወስዱ፣ እኛን «ሂዱ» አሉን፤ እኔም ሄድኩ። ቀድሜ የተሳፈርኩትም እኔ ነኝ።

ሚኒባሷ ጥቂት እንደሄደች ስልኬን አውጥቼ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ደመሰስኳቸው። ወደፊት ሌላ ኬላ ቢኖርስ ብዬ ነው። ሌላ ኬላ አልነበረም።

ነጋዴው በሦስተኛው ቀን ተለቀቀ። ጋሽ አንለይ የተመለሱት በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነው። በዚያ መሀል ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተኩስ ሆኖ ንብረት ክፍሉና ቢሮው ተቃጥሏል። መዝገቡ፣ የእብነ በረዱ ስብርባሪ፣ እኔ የጻፍኩበት ኮምፒውተር፣ ሁሉም አብሮ ሄደ። በታሠሩበት ምን እንዳደረጓቸው አልነገሩኝም፤ ግራ ጆሯቸው አይሰማም፣ ሲናገሩ ቃል ይጠፋባቸዋል።

ከተመለሱ በሁለተኛው ቀን ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ፎቶው እያለኝ ዝም አልኩ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

«ተነሽ፣ ተነሽ» አሉኝ። «መኖሩን መች አጣሁት፤ ገጹን የያዝኩልሽ እኔ አይደለሁም? ብታወጪው ኖሮ ሁለታችንንም ነበር የሚያስቀሩን። ደግ አደረግሽ።» ከዚያ በደህናው ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣ ፊታቸው ፈካ ብሎ፣ «እና ፎቶው አለ አይደል?» አሉ።

ደምስሼዋለሁ ማለት አቃተኝ። ማልቀሴን አይተው ገባቸው። አልተቆጡኝም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኬላው ላይ ከተመቱት ይልቅ ይህ እንዳመማቸው አየሁ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር።

«ወረቀት አምጪ» አሉኝ በመጨረሻ።

በቃላቸው ያስጽፉኝ ጀመር። አንድም ቀን ያልዘለሉትን፣ ኬላው ላይ ደም እየተፉ ሲወርዱት የነበረውን፣ አሁን ሃያ ላይ ቆሙ። አሥራ አንድ ስም ጠፋባቸው። በየቤቱ ዞሬ ጠየቅሁ፤ ስምንቱን ዘሮቻቸው ነገሩኝ፣ በር ገርበብ አድርገው፣ በሹክሹክታ። ቀን ስም እየጻፈች ቤት ለቤት የምትዞር ሴት በዚህ ጊዜ ምን እንደምትመስል ይገባኛል፤ አንዳንዱ በሩን ዘግቶብኛል፤ በማግሥቱ እየፈራ በጓሮ መጥቶ ነግሮኛል። የቀሩት ሦስቱ ግን የሚጠየቅ ቤት የላቸውም። ዘር ያልተረፋቸው እነዚያ ናቸው። በየዓመቱ ስማቸው ሲጠራ ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ ማንም አልያዘውም። እኔም ሰምቼ ነበር።

ዓመት በዓሉ ሳይከበር አለፈ። ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ እኔ እናቴን ይዤ ማርቆስ ገባሁ። መንገድ ላይ ያ ወረቀት እንዳይገኝብኝ ፈርቼ ለጋሽ አንለይ ትቼላቸው ሄድኩ። ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር እደውልላቸዋለሁ። «መጣልኝ ስል ይሄድብኛል» ይላሉ። አንድ ጊዜ «ከሦስቱ የአንደኛው አባት ስም ምላሴ ጫፍ ላይ አለ፣ ነገ ደውይ» አሉኝ። በነጋታው ኔትወርክ ጠፋ።

መንገዱ የተከፈተ ቀን ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። እትዬ ሙሉ ጥቁር ለብሰው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። አልቅሰን ሲወጣልን አሟሟታቸውን ጠየቅኋቸው።

«ከሰዓት በኋላ ነበር» አሉኝ። «ጠዋቱን ሙሉ አልተናገሩም። ድንገት ቀና አሉና ‹አገኘሁት! ለመምህርቷ ንገሪያት› አሉ። ከዚያ ስም ጮኹ። በሙሉ ድምፃቸው፣ እንደዚያ ሐውልቱ ጋ እንደሚጠሩት።»

«ማን አሉ እትዬ? ማን ብለው ጠሩ?»

እትዬ ሙሉ የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉ።

«እነዚያ ታጣቂዎች በደጃችን እያለፉ ነበር እኮ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አጥራችን ሥር ናቸው። ከዚህ ቤት የሰው ስም ሲጠራ ቢሰሙ ሌላ መዘዝ ነው ብዬ… አፋቸውን በእጄ ያዝኩት። እጄ ሥር ስም ይጠራሉ፣ አንድ አይደለም፣ አንዱን ሲጨርሱ ሌላ ይጀምራሉ። እኔ ግን ጆሮዬ የሰዎቹን ኮቴ ነበር የሚያዳምጠው። አልፈው ሲሄዱ እጄን ባነሳው ዝም ብለዋል። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ጥፋት ሠራሁ እንዴ ልጄ?»

«ኧረ የለም፣ እትዬ። እኔም ብሆን አፋቸውን እይዘው ነበር» አልኳቸው። እውነቴን ነው።